ቶርኔዶ፦ አፈጣጠሩና ከአደጋው የመዳን ዘዴ

በበጋ ወራት ፀሐይ በበረታች ጊዜ፣ በደረቅ ሜዳ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አቧራና ገለባ እየጠቀለለ ወደ ላይ የሚወጣ የነፋስ ሽክርክሪት ያላየ መምህር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ ይሸሹታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እየተሯሯጡ ከመካከሉ ይገባሉ። ይህ ሽክርክሪት በቋንቋችን ዐውሎ ነፋስ ይባላል። ከውቅያኖስ ተነሥቶ የወደብ ከተሞችን የሚያጥለቀልቀው ታላቅ ማዕበልም በዜና ማሠራጫዎች ዐውሎ ነፋስ ይባላል። ከነጐድጓድ ደመና ሥር ወርዶ አንድን መንደር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከመሠረቱ የሚነቅለው ቶርኔዶም እንዲሁ ዐውሎ ነፋስ ተብሎ ይተረጐማል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ተማሪው ሦስቱን እንደ አንድ ቢቈጥራቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የአቧራው ሽክርክሪት የሚነሣው ከመሬት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ መሬቱ በፀሐይ ሲግል፣ ከመሬቱ ጋር የተነካካው አየር ይሞቅና እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣል። ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የላላ ቆርቆሮ ከመገንጠል የበለጠ አይደለም። የውቅያኖሱ ማዕበል ደግሞ ስፋቱ በመቶ ኪሎሜትሮች የሚለካ፣ ዕድሜውም በቀናት የሚቈጠር ነው። ቶርኔዶ ከሁለቱም ይለያል። ቶርኔዶ ማለት ከነጐድጓድ ደመና ሥር ተንጠልጥሎ መሬት የነካ፣ በታላቅ ኃይል የሚሽከረከር የአየር ዐምድ ነው። ስፋቱ በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም፤ መሬት ላይ የሚቈየውም ብዙ ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ በምድር ገጽ ላይ ከሚነፍሱ ነፋሶች ሁሉ እጅግ የፈጠነው የሚገኘው በእርሱ ውስጥ ነው።

ቶርኔዶ በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ ሆኖ ሳለ ይህን ርእስ ማንሣት ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። ቶርኔዶን የሚወልደው ደመና በክረምት በረዶና መብረቅ ከሚያወርድብን ደመና ጋር አንድ ወገን ነው፤ ስለዚህ አንዱን በሚገባ ያስተማረ መምህር ሌላውን ለማስረዳት አይቸገርም። አደጋው ለአህጉራችንም እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር የደቡብ አፍሪካን የኡምታታ ከተማ ቶርኔዶ ሲመታ፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ በከተማው በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ጠባቂዎቻቸው በሰውነታቸው ከልለዋቸው ያለ ጉዳት ተርፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ ልማድ ናቸው።) ከዚህም ሌላ በአሜሪካ በቴክሳስና በሚኒሶታ ግዛቶች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው የቶርኔዶ ልምምድ በሚደረግባቸው ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የቶርኔዶ አደጋ ታሪክ ሲነበብ የትምህርት ቤት ስም ደጋግሞ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የቶርኔዶን አፈጣጠር ከማስረዳት ጋር፣ ማስጠንቀቂያ በጊዜው ሲደርስም ሰው የሚሞትበትን ምክንያት መመርመር ነው።

አፈጣጠሩ

ለቶርኔዶ መወለድ አስቀድሞ ብርቱ የነጐድጓድ ደመና ያስፈልጋል። በመሬት አጠገብ ያለው አየር ሞቃትና እርጥበት የበዛበት፣ በላይ ያለው ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን፣ የታችኛው ቀሎ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው የውሃ ተንም ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። ውሃ በሚተንበት ጊዜ ከአካባቢው የወሰደው ሙቀት አሁን መልሶ ስለሚለቀቅ፣ አየሩ በዙሪያው ካለው የበለጠ እየሞቀ በብርታት ሽቅብ ይጐርፋል። በዚህ ዓይነት የሚገነባው ደመና ኩሙሎኒምበስ ይባላል፤ ቁመቱ ከ12 ኪሎሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጫፉ ከዚያ በላይ መውጣት ሲሳነው ወደ ጐን ተዘርግቶ የቀጥቃጭ መስፍ ይመስላል። በደጋ የሚኖር ሰው ይህን ደመና ከሩቅ ያውቀዋል።

ተራው የነጐድጓድ ደመና ዕድሜው አጭር ነው። የወለደው ዝናብ ቀጥ ብሎ በራሱ ሽቅብ ጐርፍ ላይ ስለሚወርድ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው በገዛ ዝናቡ ታፍኖ ይሞታል። ቶርኔዶን የሚወልደው ደመና ከዚህ ዕጣ የሚያመልጠው ነው። ይህም የሚሆነው የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከመሬት ወደ ላይ በተለካ ቁጥር በእጅጉ ሲለዋወጥ ነው፤ ለምሳሌ በመሬት አጠገብ ከደቡብ ለስለስ ያለ ነፋስ እየነፈሰ፣ በአምስትና በስድስት ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ግን ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ ሲነፍስ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዝናቡ ከሽቅቡ ጐርፍ ራቅ ብሎ ስለሚወርድ ደመናው ለብዙ ሰዓታት ሊቈይ ይችላል። የነፋሱ ልዩነት ሁለተኛ ሥራም አለው፤ አየሩን ያንከባልለዋል። ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት እርሳስ ብቻ ይበቃል። እርሳሱን በሁለት መዳፍ መካከል አጋድሞ፣ የታችኛውን መዳፍ ሳያንቀሳቅሱ የላይኛውን ወደ ፊት ቢገፉት እርሳሱ ይንከባለላል። የላይኛው ነፋስ ከታችኛው ሲፈጥንም በሁለቱ መካከል ያለው አየር እንደዚሁ እንደ ተጋደመ አመልማሎ ይጠቀለላል። ቀጥሎ ሽቅብ የሚጐርፈው ሞቃት አየር ይህን የተጋደመ ጥቅልል ከመካከሉ ያነሣውና ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርገዋል። ያን ጊዜ ደመናው ራሱ ከውስጡ መዞር ይጀምራል። በዚህ ዓይነት የሚሽከረከረው ደመና በሳይንስ ቋንቋ ሱፐርሴል ይባላል።

እዚህ ላይ የሚሽከረከረው ዐምድ ገና ጥቂት ኪሎሜትሮች ስፋት ያለው፣ ከመሬትም ከፍ ያለ ነው። ቶርኔዶ የሚሆነው ሽክርክሪቱ መሬት ደርሶ ሲጠብ ነው። ከደመናው በስተኋላ በዝናብ የቀዘቀዘ አየር ወደ መሬት ይወርድና ሽክርክሪቱን ይጠመጥመዋል፤ ሽቅቡ ጐርፍ ደግሞ ከላይ ይስበዋል። ዐምዱ ሲሳብ ይቀጥናል፤ ሲቀጥንም ይፈጥናል። የሚሽከረከር ነገር ወደ መካከሉ ሲሰበሰብ ፍጥነቱ እንደሚጨምር ለማሳየት መምህሩ ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ አንድ ክንድ ያህል ሲባጎና ላጲስ ይበቁታል። ሲባጎውን በቀፎው ውስጥ አሳልፎ በላይኛው ጫፍ ላጲሱን ያስራል፤ ቀፎውን በአንድ እጁ ይዞ ላጲሱን ከራሱ በላይ ካሽከረከረ በኋላ የሲባጎውን ሌላ ጫፍ በሌላው እጁ ወደ ታች ይስባል። ክቡ በጠበበ መጠን ላጲሱ እየፈጠነ ይሄዳል። (ተማሪዎች በላጲሱ ፈንታ ድንጋይ እንዳያስሩ አስቀድሞ መከልከል ይገባል።) በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውስጥ ውሃ እያዞሩ የሚሠሩት የተለመደ ትርኢት ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ውሃው በክብደቱ ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን በቶርኔዶ ውስጥ ግን አየሩ ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑ፣ ቅርጹን ከማሳየት አልፎ ምክንያቱን አያስረዳም።

ከደመናው ሥር እንደ ዝሆን ኩምቢ ተንጠልጥሎ የሚታየው ነገር ነፋሱ ራሱ አይደለም። በሽክርክሪቱ መካከል የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ተኑም ወደ ጠብታ ተለውጦ ይታያል። ከታች ደግሞ የተነሣው አቧራና ስብርባሪ ያጠቁረዋል። ስለሆነም ኩምቢው መሬት ሳይነካ በፊት ነፋሱ መሬት ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ቶርኔዶው በዝናብ ተጋርዶ ወይም በሌሊት መጥቶ ጨርሶ አይታይም። ከሚሽከረከሩት ደመናዎች ብዙዎቹ ምንም ቶርኔዶ ሳይወልዱ የሚያልፉ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም፤ ስለ ማስጠንቀቂያ ስንነጋገር ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

እነዚህ ሁኔታዎች ከሌላው ሥፍራ ይበልጥ አዘውትረው የሚገናኙት በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ላይ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ይገሰግሳል፤ ከምዕራቡ ተራራማ አገር ደረቅ አየር ይመጣል፤ በላይ ደግሞ ፈጣኑና ቀዝቃዛው የከፍታ ነፋስ ያልፋል። በመካከላቸው የሚያግድ ተራራ የለም። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 1,200 የሚጠጉ ቶርኔዶዎች ይመዘገባሉ፤ የሚበዙትም በጸደይ ወራት ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች የዚህ ዓይነት የሞቃትና የቀዝቃዛ አየር ግጭት ስለማይገኝ ቶርኔዶ ብርቅ ነው።

ኃይሉ እንዴት ይለካል?

የነፋስ መለኪያ መሣሪያ በቶርኔዶ መንገድ ላይ ተተክሎ የሚጠብቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢተከልም አይተርፍም። በመሆኑም በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጃፓናዊው ሊቅ ቴትሱያ ፉጂታ በ1971 ከጉዳቱ ተነሥቶ ፍጥነቱን የመገመት ዘዴ አወጣ። የእርሱ መለኪያ ተሻሽሎ ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ በሥራ ላይ ውሏል፤ ከኢ.ኤፍ. 0 እስከ ኢ.ኤፍ. 5 ስድስት ደረጃዎች አሉት። ዝቅተኛው ደረጃ በሰዓት 105 ኪሎሜትር ያህል ከሚነፍስ ነፋስ ይጀምራል፤ ከፍተኛው ከ322 ኪሎሜትር በላይ ነው። ደረጃው የሚሰጠው ባለሞያዎች ፍርስራሹን ከመረመሩ በኋላ ነው እንጂ ቶርኔዶው ሲመጣ አይደለም።

ቃሉ የተከለከለበት ዘመን

የቶርኔዶ ትንበያ ታሪክ ስለ ትምህርትም የሚነግረን ነገር አለ። በአሜሪካ ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ እስከ 1938 ድረስ «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል በመንግሥት የአየር ትንበያ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ምክንያቱም ሕዝቡ ይሸበራል፤ ከቶርኔዶው ይልቅ ሽብሩ ይጐዳዋል የሚል ነበር። በማርች 18 ቀን 1925 በሚዙሪ፣ በኢሊኖይና በኢንዲያና ግዛቶች ያለፈው ቶርኔዶ በዚህ ዘመን የወረደ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መሬት ሳይለቅ 352 ኪሎሜትር ተጕዞ 695 ሰዎችን ገደለ። በኢሊኖይ ግዛት በዲ ሶቶ ከተማ ብቻ 33 ሰዎች በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሞቱ። በጊዜው ራዳር ስላልነበረ ቃሉ ባይከለከልም ኖሮ ያን ቀን ሁሉም ይድን ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ስሙ እንዳይነገር የተከለከለ አደጋ ሊጠና፣ ሊለመድና ሊጠበቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ለውጡ የመጣው ባልታሰበ አጋጣሚ ነው። በማርች 20 ቀን 1948 በኦክላሆማ ግዛት የሚገኘውን የቲንከር የአየር ኃይል ሠፈር ቶርኔዶ መታው፤ ብዙ አውሮፕላኖችም ተሰባበሩ። የበላይ አዛዡ እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ እንዲያጠኑ ኧርነስት ፎውቡሽ እና ሮበርት ሚለር የተባሉትን ሁለት የአየር ጠባይ መኰንኖች አዘዘ። ሁለቱ መኰንኖች ከቀድሞ ቶርኔዶዎች በፊት የነበረውን የአየር ሁኔታ እያነጻጸሩ ሳለ፣ አምስት ቀን ብቻ ቈይቶ የማርች 25 ካርታ ከማርች 20ው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። ሠፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመታል ብሎ መናገር ለመሳቂያ የሚያጋልጥ ቢሆንም ትንበያውን ጻፉ። አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፤ ሠራተኞቹም ወደ አስተማማኝ ሥፍራ ሄዱ። በዚያው ምሽት ሁለተኛው ቶርኔዶ ሠፈሩን መታው። ከዚህ በኋላ ቃሉን ከሕዝብ መሸሸግ የሚቻል አልሆነም፤ ከ1950 ወዲህም በሕዝብ ትንበያ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ዋናው መሣሪያ ዶፕለር ራዳር ነው። የመኪና ጥሩምባ ወደ እኛ ሲቀርብ ቀጥኖ፣ ሲርቅ ደግሞ ወፍሮ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ከዝናብ ጠብታ ተንጸባርቆ የሚመለሰው የራዳር ሞገድም ጠብታው እየቀረበ ወይም እየራቀ በመሆኑ ይለዋወጣል። በአንድ ደመና ውስጥ ጐን ለጐን አንዱ ወገን ሲቀርብ ሌላው ሲርቅ ከታየ ደመናው እየዞረ ነው ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ማስጠንቀቂያው በአማካይ ዐሥር ደቂቃ ግድም ቀድሞ ይደርሳል። ማስታወቂያው ሁለት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ስማቸው ስለሚቀራረብ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለይተው ሊያውቋቸው ይገባል። «ቶርኔዶ ዋች» ማለት የአየሩ ሁኔታ ለቶርኔዶ የተመቸ ስለሆነ ነቅታችሁ ጠብቁ ማለት ነው። «ቶርኔዶ ዎርኒንግ» ግን ቶርኔዶ በዓይን ታይቷል፣ ወይም ምልክቱ በራዳር ተገኝቷልና አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። የሚዞር ደመና ሁሉ ቶርኔዶ ስለማይወልድ፣ ከዐሥር ማስጠንቀቂያዎች ሰባት ያህሉ ያለ ቶርኔዶ ያልፋሉ። ሕዝቡ የደወሉን ድምፅ ይለምደዋል። በሜይ 22 ቀን 2011 በሚዙሪ ግዛት የጆፕሊን ከተማ ስትመታ ማስጠንቀቂያው ከ15 ደቂቃ በላይ ቀደም ብሎ ተሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ አብዛኛው ነዋሪ በመጀመሪያው ድምፅ እንዳልተጠለለ፣ ይልቁንም ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማዩን በማየት ወይም ቴሌቪዥን በመክፈት እርግጠኛ ለመሆን እንደሞከረ ታወቀ። በዚያ ቀን 158 ሰዎች ሞቱ። ይህን ስንፍና ብሎ መኰነን ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ደጋግሞ የዋሸውን ደወል ማመን ለማንም ሰው የሚከብድ ነው።

ምን ይገድላል?

ነፋሱ ሰውን አንሥቶ በመወርወር ሊገድል ይችላል። ይሁን እንጂ ከሟቾቹ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ነፋሱ የተሸከመው ነገር ነው፤ ጣውላ፣ ጡብ፣ መስተዋት፣ ቆርቆሮ፣ ተሽከርካሪም ጭምር። ከዚህ ቀጥሎ የሚገድለው የሚናደው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ማናቸውም የመከላከያ ምክር የሚመዘነው በዚህ እውነት ነው፤ በሰውየውና በሚበረው ስብርባሪ መካከል ምን ያህል ጠንካራ ነገር አለ?

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ከሚነገሩት ምክሮች አንዳንዶቹ ወድቀው ይገኛሉ። ለብዙ ዘመን የቶርኔዶው ዝቅተኛ ግፊት ቤቱን እንዳያፈነዳው መስኮቶችን ክፈቱ ይባል ነበር። ቤት ግን አየር የማያስወጣ ጣሳ አይደለም። ቤቱን የሚያፈርሰው በተሰበረ ወይም በተከፈተ መስኮት ገብቶ ጣሪያውን ከሥር የሚያነሣው ነፋስ ነው። መስኮት ለመክፈት የሄደ ሰው ውድ ደቂቃውን አባክኖ መስተዋቱ ፊት ይቆማል።

ሌላው ስሕተት የተስፋፋው በፊልም ነው። በኤፕሪል ወር 1991 በካንዛስ ግዛት የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቡድን በአውራ ጐዳና ድልድይ ሥር ተጠልሎ በቅርብ የሚያልፍ ቶርኔዶ ቀረጸ፤ ሁሉም ደኅና ወጡ። ፊልሙ ብዙ ጊዜ በመታየቱ ድልድይ ጥሩ መጠለያ ነው የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ተተከለ። ያ ቶርኔዶ ደካማ እንደነበረና በቀጥታም እንዳልመታቸው ያስተዋለ ጥቂት ነው። በሜይ 3 ቀን 1999 በኦክላሆማ እጅግ ብርቱ ቶርኔዶዎች በወረዱ ጊዜ ሰዎች ያን ትምህርት በተግባር አዋሉት፤ በተለያዩ ድልድዮች ሥር ተጠልለው ከነበሩት ሦስቱ ሞቱ። በድልድይ ሥር ነፋሱ በጠባብ መንገድ ስለሚጨመቅ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ስብርባሪውም አብሮ ይገባል። አንድ ምስል ያለ ማብራሪያ ሲታይ እንዴት ያለ አስተማሪ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ያዳግታል።

ተሽከርካሪም መጠለያ አይደለም። በሜይ 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ ግዛት በኤል ሪኖ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ ስፋቱ 4.2 ኪሎሜትር ደርሶ ነበር፤ ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው እርሱ ነው። ብዙ ሰው በመኪና ለማምለጥ በመውጣቱ መንገዶቹ ተጨናነቁ፤ ቶርኔዶው የገደላቸው ስምንት ሰዎች ሁሉ በተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከእነርሱም መካከል በሞያው የታወቀው ተመራማሪ ቲም ሳማራስ ይገኝበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዳላስ አካባቢም በዲሴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት በጋርላንድ በኩል ያለፈው ቶርኔዶ 10 ሰዎችን ሲገድል አብዛኞቹ በአውራ ጐዳና መጋጠሚያ ላይ በመኪና የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የተሻለው ሥፍራ ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል ወይም ለዚህ ሲባል በብረትና በሲሚንቶ የተገነባ መጠለያ ነው። ይህ ከሌለ በሕንፃው ዝቅተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት የሌለው፣ ከውጭው ግድግዳ የራቀ ትንሽ ክፍል መምረጥ ያስፈልጋል፤ መታጠቢያ ቤት፣ የዕቃ ቤት፣ የውስጥ ኰሪደር ሊሆን ይችላል። ትንሽ ክፍል የሚመረጠው ጣሪያው አጭር ስለሆነና ግድግዳዎቹ ስለሚደጋገፉ ነው። በአንጻሩ የስብሰባ አዳራሽ፣ የስፖርት ቤትና የምግብ አዳራሽ ሰፊ ጣሪያቸው በጥቂት ግድግዳዎች ላይ የተሸከመ ስለሆነ ፈጥነው ይወድቃሉ። ተማሪዎችን በአንድነት ለመቈጣጠር ያመቻል ተብሎ ወደ አዳራሽ መሰብሰብ ስለዚህ ከባድ ስሕተት ነው። በተመረጠው ሥፍራ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መንበርከክ፣ ራስንና ማጅራትን በእጅ መሸፈን ይገባል፤ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የብረት ቆብ ከተገኘ የበለጠ ይጠቅማል። በመንኰራኵር ላይ በሚጓጓዙት ቀላል ቤቶች የሚኖር ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ጠንካራ ሕንፃ መሄድ አለበት፤ ይህንንም ማድረግ ያለበት ገና የመጀመሪያው ደረጃ ማስታወቂያ ሲነገር ነው። ሜዳ ላይ በመኪና የተያዘና በአቅራቢያው ሕንፃ የሌለው ሰው ሁለት ደካማ ምርጫዎች ብቻ ይቀሩታል፤ ቀበቶውን ታጥቆ ከመስኮቱ በታች ማጐንበስ፣ ወይም ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦይ ካለ በዚያ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ መተኛት። ቶርኔዶው ካለፈም በኋላ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሚያፈስ ጋዝና በፍርስራሹ ውስጥ ያለ ምስማር ሰው ይጐዳሉ።

በትምህርት ቤት ይህ ሁሉ በልምምድ መታወቅ አለበት፤ የትኛው ክፍል ወደየት እንደሚሄድ፣ የቀሩትን ማን እንደሚቈጥር፣ ወላጅ ልጁን ለመውሰድ በመካከል ቢመጣ ምን እንደሚደረግ። ልምምድ ብቻውን ግን አይበቃም። በኦክላሆማ ግዛት በሙር ከተማ የደረሰው ይህን ያሳያል።

በሜይ 20 ቀን 2013 የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነበር። ቶርኔዶው መሬት የነካው 8 ሰዓት ከ56 ላይ ነው። 9 ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን፣ ብራይርዉድንና ፕላዛ ታወርስን አፈረሰ፤ ከፍተኛው ነፋስ በሰዓት 338 ኪሎሜትር ያህል እንደነበረ ተገምቷል። ማስጠንቀቂያው አልዘገየም። መምህራኑም የተማሩትን አድርገዋል፤ ተማሪዎቹን ወደ ኰሪደርና ወደ መታጠቢያ ክፍሎች አስገብተው አስጐንብሰዋቸዋል፤ ከመምህራኑ አንዳንዶቹም በሕፃናቱ ላይ ተኝተው በሰውነታቸው ከልለዋቸዋል። በብራይርዉድ የሞተ ተማሪ አልነበረም። በፕላዛ ታወርስ ግን ግድግዳ ተንዶ ሰባት ሕፃናት ሞቱ። በከተማው በጠቅላላው የሞቱት 24 ናቸው። ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንዱም ለቶርኔዶ የተሠራ መጠለያ አልነበረውም፤ ሙር ከተማ ግን በ1999ም እጅግ ብርቱ በሆነ ቶርኔዶ የተመታች ነበረች።

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች እንደገና ተሠርተው በ2014 ኦገስት ወር ሲከፈቱ ተማሪዎችን የሚያስጠልል ጠንካራ ክፍል በውስጣቸው ነበራቸው። የከተማው አስተዳደርም በዚያው ዓመት አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች በሰዓት 217 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲቋቋሙ፣ ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳውም ከመሠረቱ ጋር በብረት እንዲያያዝ የሚያስገድድ የሕንፃ ደንብ አወጣ። ይህ ፍጥነት ከታላላቆቹ ቶርኔዶዎች ነፋስ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ከመቶ ቶርኔዶዎች ከዘጠና የሚበልጡት ከዚህ ፍጥነት በታች ናቸው፤ በታላቁም ቶርኔዶ ውስጥ ከፍተኛው ነፋስ የሚነፍሰው በመንገዱ መካከል በጠባብ መሥመር ብቻ ሲሆን፣ ከመሥመሩ ውጭ ያለውን ቤት የሚመታው ነፋስ ደንቡ ሊመክተው የሚችለው ነው።